ነፃ ካርታ በእጅ ጂፒኤስ ላይ፦ ጎጃም ውስጥ ይዤው ዞሬ ያየሁት

ብዙ መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ጋርሚን ጂፒኤስ፣ ማለትም የቆማችሁበትን ቦታ በሳተላይት ለክቶ የሚነግር የእጅ መሣሪያ፣ አይጠፋም። ግብርና፣ መሬት አስተዳደር፣ ውኃ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ያለፈበት ቦታ ሁሉ አለ። ሥራው ደግሞ አንድ ነው። ነጥቡ ላይ ይቆማል፣ ኮኦርዲኔት (የቦታው መለያ ቁጥር) ይነበባል፣ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ ላይ ግን ትልልቅ ከተሞችና ዋና ዋና መንገዶች ካልሆኑ ምንም የለም። ጮቄ ተራራ ላይ ቆማችሁ ብታዩት አንዲት ሦስት ማዕዘን ባዶ መስክ ላይ ቆማለች። እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

ያ ባዶ ስክሪን በነፃ ይሞላል። ኦፕንስትሪትማፕን የእጅ ጂፒኤስ ላይ ጭኜ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ፣ ወደ ደጀን በረሃ አፋፍ፣ ወደ ሞጣም ይዤው ዞሬያለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጫኑት። መሣሪያው ካላችሁና ካርታ የሚቀበል ከሆነ፣ ሳይጭኑ መያዝ ግማሹን ጥቅም መጣል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሚጫን፣ የቱ ካርታ እንደሚሻል፣ ጎጃም ላይ የት የት እንደሚያስተማምንና የት እንደማያስተማምን ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የጀመረው የዓለም ካርታ ነው። ማንም ሰው ገብቶ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ይስልበታል። ዳታው ነፃ ነው። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ለጓደኛ ብትቀዱ፣ የቢሮው መሣሪያዎች ሁሉ ላይ ብትጭኑት የሚጠይቃችሁ የለም። ይሄ ነገር ለእኛ አገር ቀላል አይደለም። የቢሮ ሰው ካርታ ለመግዛት ግዥ ክፍል ደብዳቤ ጽፎ ስንት ወር እንደሚጠብቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ መሣሪያችሁን እዩ። ኢትሬክስ 20፣ 30፣ 22ኤክስ፣ 32ኤክስ፣ ጂፒኤስማፕ 62ኤስና 64ኤስ ካርታ ይቀበላሉ። ኢትሬክስ 10 የሚሞሪ ካርድ ቦታ የለውም። ድሮ በየወረዳው የተከፋፈለው ጂፒኤስ 72 ደግሞ ነጥብ መያዝ እንጂ ካርታ መጫን አያውቅም፤ በእሱ አትድከሙ። ስሙን ካላወቃችሁት የጀርባውን ክዳን ክፈቱና ሁለቱን ባትሪዎች አውጡ። ከሥራቸው ትንሽ የካርድ ማስገቢያ ካለች ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነም ሻጩ ፊት ይችኑ ቦታ ከፍታችሁ ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ካርታውን የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ዳታው ግን ያው አንዱ ነው። ልዩነቱ አሳሳሉ ላይ ነው። እኔ ሁለቱን ነው የምመክረው። አንደኛው ኦፕንቶፖማፕ ነው። ኢትዮጵያን ለብቻዋ ታገኟታላችሁ፤ ካርታው አንድ ፋይል፣ የከፍታ መስመሩ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር) ደግሞ ሌላ ፋይል ሆኖ ይወርዳል። ለእግረኛና ለተራራ ይሄን የሚያህል የለም። ሁለተኛው ጋርሚን ኦፕንስትሪትማፕ ኤንኤል የሚባለው የኔዘርላንድ ሰዎች ድረ ገጽ ነው። የከፍታ መስመር የለውም። ሰሌዳው ግን ንጹሕ ነው፣ ለመኪና መንገድ ይመቻል፣ አገር መርጣችሁ ታወርዳላችሁ፣ ወይም የምትፈልጉትን አካባቢ ብቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ትመርጣላችሁ። ቢቢባይክ የሚባልም አለ። እሱ ላይ በማውስ ሳጥን ሠርታችሁ ጎጃምን ብቻ ትከልላላችሁ፣ ኢሜይላችሁን ትሰጣላችሁ፣ ሲደርስ ማውረጃውን ይልክላችኋል። ኢንተርኔት ቀጭን ለሆነበት ሰው ይሄኛው ጥሩ ነው፤ ፋይሉ ትንሽ ይሆናል።

አጫጫኑ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ያስፈልጋችኋል። 8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው፤ 32 ጊጋ ድረስ ይቀበላል፤ ከዚያ በላይ ላለው አትሂዱ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ በፋት 32 ፎርማት አድርጉት። ውስጡ ጋርሚን (Garmin) የሚል ፎልደር ክፈቱ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በትክክል ጻፉት። ያወረዳችሁት ነገር ዚፕ ከሆነ ፈትታችሁ ስሙ በነጥብ አይኤምጂ (.img) የሚያልቀውን ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። በቃ። ካርዱን መልሱ፣ ባትሪውን ግጠሙ፣ አብሩት። የድሮ መሣሪያዎች ፋይሉ ጂማፕሰፕ (gmapsupp) የሚል ስም ከሌለው አያነቡትም፣ ስለዚህ አንድ ካርታ ብቻ ነው የሚይዙት። አዳዲሶቹ ላይ ግን ስሙን እንደፈለጋችሁ አድርጋችሁ ብዙ ካርታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።

ከዚያ ሴትአፕ ውስጥ ገብታችሁ ማፕ የሚለውን ክፈቱና የተጫኑትን ካርታዎች ዝርዝር እዩ። የምትፈልጉትን ብቻ አብሩ፣ ሌላውን አጥፉ። ሰው "ጭኜ አልታየኝም" የሚለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ካርታ ባንድ ላይ ሲበራ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፣ ከሥር ያለው የጠፋ ይመስላል። የኦፕንቶፖማፑ የከፍታ መስመር ግን ከካርታው ጋር አብሮ እንዲበራ ነው የተሠራው፤ እሱን አታጥፉት።

ካርዱን ከመሣሪያው ሳታወጡ በኬብልም ማስገባት ትችላላችሁ። ኢትሬክስ 20 እና 30 የሚወስዱት ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን ወፍራሙን ነው፤ የስልክ ኬብል አይገባም። የድሮ ዲጂታል ካሜራ ኬብል ካላችሁ ግን እሱ ልክ ነው። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ደግሞ አለ፤ መሣሪያውን ያበራዋል እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሩን አያሳያችሁም። ስትገዙ "ዳታ ያሳልፋል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ካርዱም ላይ ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ተብሎ ውስጡ ሌላ የሆነ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ትልቅ ፋይል ጭናችሁ መልሳችሁ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ ተበላሽቶ ከመጣ ካርዱን ለሻጩ መልሱለት።

አሁን የቢሮ ሰዎችን በቀጥታ የሚመለከተው ነገር ላይ ደረስኩ። ዳተም፣ ማለትም ኮኦርዲኔት ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር የሚወስነው መነሻ። በአገራችን የቆዩት የወረቀት ካርታዎችና ብዙ የመሬት ሥራዎች አዲንዳን የሚባለውን ዳተም ይጠቀማሉ፤ ጂፒኤሱ ራሱ የሚሠራው ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ነፃውን ካርታ ስትጭኑ ሰው "አሁን ሴቲንጉን ልቀይረው ወይ" ብሎ ይጨነቃል። አያስፈልግም። መሣሪያው ቦታውን በውስጡ የሚይዘው በአንድ መልክ ነው፤ እናንተ አዲንዳን ብትሉትም ደብሊውጂኤስ ብትሉትም የሚቀየረው ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቁጥር ብቻ ነው። ካርታው ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን አትንቀሳቀስም።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከድሮ ሰነድ ላይ በአዲንዳን የተጻፈ ቁጥር ወስዳችሁ፣ መሣሪያው ደብሊውጂኤስ ላይ እያለ ብታስገቡት ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ሜዳ አገር ላይ 200 ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። እኛ ጋ ግን 200 ሜትር ማለት ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ማለት ነው። የአንዱ ማሳ ለሌላው የሚጻፍበት ርቀት ነው። ቁጥር ስትጽፉ ዳተሙን ከጎኑ ጻፉ፣ ዞኑንም ጻፉ፤ የአስተዳደር ዞን ማለቴ ሳይሆን ዩቲኤም የሚባለው የኮኦርዲኔት አሠራር ምድርን የከፈለበትን ቁጥር ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ አዊም ዞን 37 ሰሜን ላይ ነን፤ ወደ መተከል ምዕራቡን ይዛችሁ ስትወርዱ ግን 36 ይመጣል። ካርታው ከተጫነ በኋላ ይሄን ስህተት በዓይን መያዝ ይቻላል። ነጥቡን ስታስገቡ ወንዝ ውስጥ ወይም ገደል ላይ ካረፈ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ እዚያው ታውቃላችሁ። ባዶ ስክሪን ይሄን በጭራሽ አይነግራችሁም። ለእኔ ካርታ የመጫን ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ለመንገድ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ።

ወደ ሜዳው ልውጣ። ጮቄን የመረጥኩት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፣ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለውን የጅብራ ተክል እንኳ ማየት ያቅታችኋል። ከረቡ ገበያ ወደ ላይ ስትወጡ የገብሱ ማሳ ያልቅና አስታውና ጓሳው ይጀምራል። እዚያ ላይ የከፍታ መስመሩ ዋጋውን ያሳያል። መስመሮቹ ሲራራቁ ደልዳላ ነው፣ ሲጠጋጉ ዳገት ነው፣ ተደራርበው ቡናማ ጥላ ሲመስሉ ገደል ነው። አንድ ሸንተረር ላይ ጭጋግ ውስጥ ቆመን ነበር። ዓይናችን የሚያየው ወደ ግራ የሚሄድ ለስላሳ ቁልቁለት ነው፤ ደስ የሚል፣ ሣር የለበሰ። ስክሪኑ ላይ ግን ያው ቁልቁለት ትንሽ ወረድ ብሎ መስመሮቹ ባንዴ ይጣበቃሉ። በቀኝ በኩል ዞርን። ጭጋጉ ገለል ሲል ወደ ኋላ ብናይ ሣሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ውኃ የበላው ጥልቅ ቦይ ቁልቁል ተዘርግቷል።

ያም ሆኖ የከፍታ መስመሩን እንደ ቃለ ወንጌል አትያዙት። ምንጩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የለካችው የምድር ከፍታ ነው። በየ30 ወይም በየ90 ሜትሩ አንድ ቁጥር ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሃያ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ገደል በሁለት ቁጥሮች መሃል ተውጦ ረጋ ያለ ቁልቁለት መስሎ ሊወጣ ይችላል። ራዳር ደግሞ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ጥላ ይሠራል፤ ያልታየው ቦታ በግምት ነው የሚሞላው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ይሄ ነገር ያጋጥማል። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ግድግዳው ብዙ ቦታ ደረጃ ደረጃ ነው። ስክሪኑ አጠቃላዩን ቅርጽ በደንብ ያሳያል። እግር የሚያሳርፈውን ድንጋይ ግን እናንተ ናችሁ የምታዩት።

በረሃው ላይ ሌላም ነገር አለ። "ጎ ቱ" ብላችሁ ነጥብ ስትመርጡ ቀስቱ በአየር ነው የሚመራችሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ቀረ ይላል። ሦስቱ ኪሎ ሜትር ግን ወርዶ መውጣት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ካርታው ሲኖር ቢያንስ በመሃል ምን እንዳለ አይታችሁ ነው የምትወስኑት።

መንገዱስ? ዋናው አስፋልት ላይ ችግር የለም። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ፣ ወይም ከደጀን በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ፣ ሁለቱንም አውጥቶ ያሳያችኋል። መሣሪያው መንገድ እንዲመራችሁ ስታዙት ግን በእግር ይሁን በመኪና ሴቲንጉን እዩት። በመኪና ላይ ከተተወ በእግር ሰላሳ ደቂቃ የሚያስኬደውን ትቶ በአስፋልቱ ያዞራችኋል። የገጠር ጠረጋ መንገድና የእግር መንገድ ላይ ደግሞ ሁኔታው እንደየቦታው ይለያያል። በጎ ፈቃደኛ የሳለው ቀበሌ እያንዳንዱ ጎጆ ሳይቀር አለ፤ ቀጥሎ ያለው ቀበሌ ባዶ ሊሆን ይችላል። ባዶ መሆኑ መንገድ የለም ማለት አይደለም። የሳለው ሰው የለም ማለት ነው፤ ይሄን ልዩነት አስታውሱ።

ወቅቱንም ካርታው አያውቅም። ጨሞጋን ወይም ሙጋን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ ጥር ላይ ጫማ አውልቆ የሚሻገሩት ነው፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በሬ የሚወስድ ውኃ ነው። መስመሩ ግን በሁለቱም ወር ያው ነው። ስለዚህ አገሬውን ጠይቁ። ከረቡ ገበያ በላይ አንድ ሽማግሌ አግኝተን ስክሪኑን አሳየናቸው። "አያ፣ ይቺ መንገድ ወደ ላይ ታወጣለች?" አልናቸው። መነጽር የላቸውም፤ መሣሪያውን ራቅ አድርገው ያዙና ወንዙን ሲለዩት ሳቁ። "ታወጣ ነበር ልጄ፤ አምና ጎርፍ በላት። በጉብታው በኩል ዙሩ" አሉን። በጉብታው ዞርን፣ የተጓዝነውንም ትራክ መሣሪያው መዘገበው።

ፊደሉ ነገር ላይ አንድ ምክር። እኔ በያዝኩት መሣሪያ የቦታ ስም የሚታየው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ስለዚህ ስትፈልጉ አጻጻፉ ያምታታል። ማርቆስን በኬ ብላችሁ ካጣችሁት በኪው ሞክሩ። ፍኖተ ሰላምን አገናኝታችሁም ለያይታችሁም ጻፉት። ካልሆነ ካርታው ላይ በእጅ ሄዳችሁ ነጥቡን ሴቭ አድርጉት፣ ለሁልጊዜ ይገላግላችኋል።

"ስልክ እያለ ይሄ ሁሉ ለምን?" የሚል ይኖራል፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያንኑ ዳታ ያለ ኢንተርኔት ስልክ ላይ ያሳያሉ፣ ነፃ ናቸው፣ ስክሪናቸውም ትልቅ ነው። ከተማ ለከተማ የምትሄዱ ከሆነ ስልኩ ይበቃችኋል፣ መሣሪያ አትግዙ። ተራራና በረሃ ሲሆን ነው ሒሳቡ የሚለወጠው። ጂፒኤሱ በሁለት ደብል ኤ ባትሪ ይሠራል፤ ኢትሬክስ ላይ 25 ሰዓት ያህል ይቆያል ተብሎ ነው የተሠራው። መብራት በሌለበት መንደር ሱቅ ውስጥ ባትሪ ይገኛል፣ የስልክ ቻርጅ ግን አይገኝም። በብርድ በደነዘዘ እጅም ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ የስልክ ንክኪ ስክሪን ግን ለእርጥብ ጣት አይታዘዝም። ፀሐይ ላይም ስክሪኑ ይነበባል። በዚያ ላይ ስልኩን ለስልክ ታተርፉታላችሁ። ስክሪኑ ግን 2.2 ኢንች ብቻ ነው፤ ሰፊ አካባቢ ባንድ ጊዜ ማየት ለለመደ ሰው ያስቸግራል። እኔ ማታ ማታ መንገዱን ስልክ ላይ አይቼ፣ ቀን ቀን በጂፒኤሱ እሄዳለሁ። ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ መለዋወጫውን ደረት ኪስ ውስጥ ያዙት። ሴትአፕ ውስጥም የባትሪውን ዓይነት በትክክል ምረጡ፣ አለዚያ የቀረውን መጠን አሳስቶ ያሳያችኋል።

ጂፒኤስ ይዞ ገጠር መዞር ጥያቄ እንደሚያስነሳ ለማንም አይጠፋም። ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ያዙ፣ ቀበሌው ጋ ቀርባችሁ ምን እንደምትሠሩ ንገሩ፣ የአገሩን ሰው አብራችሁ ውሰዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቁ አትውጡ። የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ነጥብ ስትይዙም አስፈቅዱ፤ መሬት ነክ ነገር ነው፣ ሰው ቢጨነቅ እውነት አለው።

የካርታው ትልቁ ነገር ግን መታረም መቻሉ ነው። ያን በጉብታው የዞረ ትራክ ከመሣሪያው ጂፒኤክስ በሚባለው ፋይል አውጥቼ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጫንኩት። አካውንት መክፈት ነፃ ነው። አይዲ የሚባለው መሣያ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ከሥሩ የሳተላይት ፎቶ ይመጣል፣ ትራኩን ተከትላችሁ መስመሩን ትስላላችሁ፣ የእግር መንገድ ብላችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ጎርፍ የበላትንም አጥፍቻታለሁ። ከጊዜ በኋላ አዲሱን ካርታ ሳወርድ መንገዷ ያቺው ባለሁለት ኢንች ስክሪን ላይ ነበረች። በወረቀት ካርታ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ስትስሉ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ላይ ነጥባቸውን በእርግጥ አገናኙት፤ ለዓይን የተነካኩ ቢመስሉም ካልተያያዙ መሣሪያው እንደተለያዩ ነው የሚቆጥራቸው፣ መንገደኛውንም በሌላ ያዞረዋል። የቦታውን ስም በአማርኛም ጻፉበት፤ ስልክ ላይ በፊደላችን ይወጣል።

እኔ የሚቀጥለው በጋ ላይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቼ በቋሪት በኩል ወደ ደጋ ዳሞት በእግር ማለፍ አስቤያለሁ። በዚያ በኩል የተራመደ፣ ትራክ የያዘ ሰው ካለ ከመስከረም በፊት ይጫነው። ወንዝ መሻገሪያዎቹን በተለይ፣ የትኛው ድልድይ እንዳለው፣ የትኛው በድንጋይ እንደሚሻገሩት።